ስለ ሕፃናት መጫወቻ አመራረጥ

በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተቃረበ ጊዜ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ተሰብስበን መታሰቢያ የሚሆን አንድ ነገር ትተን እንድንሄድ ተስማማን። ከመካከላችን አንዳንዱ ዛፍ እንትከል አለ፤ አንዳንዱ ለቤተ መጻሕፍቱ መዝገበ ቃላት እንግዛ አለ። ያሸነፈው አሳብ ግን በግቢያችን ጥግ ላሉት ለአፀደ ሕፃናቱ ልጆች መጫወቻ እንግዛ የሚለው ሆነ። ገንዘብ አዋጣን፤ እኔና ሁለት ጓደኞቼም ገዝተን እንድናመጣ ተመረጥን። ነገሩ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ መስሎን ነበር።

ከሱቁ መደርደሪያ ፊት ስንቆም ግን መስማማት አቃተን። በየካርቶኑ ላይ መጫወቻው ልጅን እንደሚያስተምር በባዕድ ቋንቋ ተጽፏል፤ አላስተምርም የሚል ካርቶን አላየንም። አንዱ ጓደኛዬ ፊደል የሚናገረውን ባለ ባትሪ መጫወቻ መረጠ፤ ሁለተኛው ኳስ ይበቃል አለ፤ እኔ ደግሞ የአፍሪካን ካርታ ወደድሁ። ይኸውም ከስስ እንጨት የተሠራ ሆኖ እያንዳንዱ አገር ለብቻው እየተነሣ ተመልሶ የሚገጠም ነው። በመጨረሻ የእኔ አሳብ ረታ፤ ከገንዘባችንም ሲሶው በካርታው ሄደ። ሕፃናቱ ጂኦግራፊ ይማሩበታል ብዬ በልቤ ኮራሁ።

በሳምንቱ ሄጄ ባይ አልጄሪያ ምጣድ፣ ኮንጎ ሰፌድ፣ ማዳጋስካር ማማሰያ፣ የራሳችን ኢትዮጵያም እንጀራ ሆነው አገኘኋቸው። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ በኢትዮጵያ ላይ ጠጠር ደርድራ «ይብሉ እንጂ፣ አፈር ስሆን» እያለች ለመነችኝ። ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔ ግን የወጣው የክፍሉ ገንዘብ ነውና አፈርሁ። ነገሩን ለታሪክ መምህራችን ባጫውታቸው፣ የቀረውን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከእናንተ ቀድመው ለልጅ መጫወቻ የመረጡ ሰዎች ምን አስበው እንደ መረጡ መርምሩ አሉን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምርመራ ፍሬ ነው። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ልጅን በጨዋታ ማስተማር አዲስ አሳብ አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን «ሕግጋት» በተባለው መጽሐፉ ወደ ፊት ግንበኛ የሚሆን ልጅ በሕፃንነቱ ቤት መሥራትን ሊጫወት ይገባዋል ብሏል፤ የግብፅ ልጆችም ፖምና የአበባ ጉንጉን አንድ ጊዜ ለብዙ ሰው፣ አንድ ጊዜ ለጥቂት ሰው እያካፈሉ ሒሳብ እንደሚማሩ ጽፏል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጐመው ቅዱስ ሄሮኒሞስም በ403 ዓ.ም. ላኤታ ለተባለች እናት በላከው ደብዳቤ፣ ለልጅዋ ለጳውላ ከእንጨት ወይም ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ ፊደላት እንዲሠሩላትና እንድትጫወትባቸው መክሯል። እኔ ሳነበው የገረመኝ፣ ያን ያህል ጾምና ጸሎት የሚወድ መነኵሴ ለሕፃን ጨዋታ ማሰቡ ነው።

ነገሩን በዝርዝር የጻፈው ግን እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ነው። በ1693 ዓ.ም. ስለ ልጆች ትምህርት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የአንድ የሚያውቀውን ሰው ብልሃት ይተርካል። ሰውዬው ስድስት ገጽ ባለው የዕጣ ጠጠር ላይ ስድስቱን አናባቢ ፊደላት ለጠፈ፤ የቀሩትን 18 ፊደላት ደግሞ በሌሎች ሦስት ጠጠሮች ላይ አደረገ። አራቱን ጠጠር በአንድ ጊዜ ወርውሮ ብዙ ቃል ያወጣ ልጅ ያሸንፋል። የሰውዬው የበኵር ልጅ ማንም ሳይቈጣው፣ ማንም ሳያስገድደው፣ በራሱ ጉጉት ፊደል መግጠም ቻለ ይላል። (እኔም ይህን ካነበብሁ በኋላ የእኛን 231 ፊደል ለመለጠፍ ስንት ጠጠር ያስፈልግ ይሆን ብዬ ባሰላው 38 ተኩል ሆነብኝ፤ የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች በቃላቸው ማዜማቸው ያለ ምክንያት አይደለም።)

ከዚህ የሚበልጠው የሎክ ምክር ግን ሌላ ነው። ከሱቅ የተገዛ መጫወቻ የበዛለት ልጅ ባለው የማይረካ፣ ሁልጊዜ ሌላ የሚሻ ይሆናል፤ ለትንሽ ልጅ ለስላሳ ጠጠር፣ ቍራጭ ወረቀት፣ የእናቱም የቍልፍ ዘለላ ውድ ከሆነው መጫወቻ ይልቅ ያጫውተዋል፤ ደግሞም ልጆች የሚጫወቱበትን ራሳቸው ሊሠሩት ይገባል፤ ሊሠሩት የማይችሉትንና ችሎታ የሚጠይቀውን ብቻ ግዙላቸው ይላል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የሞተ ሰው በዚያ መደርደሪያ ፊት ቆሞ የተመለከተን መሰለኝ።

የእኔ ካርታ የመጣው ደግሞ ከዚያው ከእንግሊዝ አገር ነው። በ1760ዎቹ ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የለንደን ካርታ ቀራጭ የታተመ ካርታ በስስ እንጨት ላይ እየለጠፈ፣ በየአገሩ ድንበር ላይ በመጋዝ እየቈረጠ ይሸጥ ነበር። የሚገዙትም ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ባለጸጎች ነበሩ። መጫወቻው ክፉ ነው አልልም፤ ካርታ ማንበብ ለጀመረ የስምንት ዓመት ልጅ መልካም ነው። ግን መልሱ አንድ ብቻ ነው። ግብፅ ከሱዳን በላይ ትገጠማለች፤ ሌላ ቦታ አትገባም። ልጁ አንዴ ከገጠመው በኋላ የሚጨምርበት ነገር የለም። የአገር ድንበር ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ የአራት ዓመት ሕፃንማ ከምጣድ በቀር ምን ሊሆንለት ይችላል?

አሁን ብዙ ወደምናገርለት ሰው ልምጣ። ፍሪድሪክ ፍሮቤል በ1782 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቱሪንጊያ ደን አካባቢ ኦበርቫይስባኽ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ የሉተራውያን ቄስ ነበሩ። እናቱ ገና ዓመት ሳይሞላው ሞተችበት፤ በአባቱ ቤትም ልጅነቱን ያሳለፈው በብቸኝነት ነው። ለሕፃናት ያን ያህል የተጨነቀ ሰው እናት ያላወቀ መሆኑ አያስደንቅም። በወጣትነቱ ከደን ጠባቂ ዘንድ ሙያ ለመደ፤ በኋላ መምህር ሆነ፤ ከ1808 እስከ 1810 ዓ.ም. በስዊስ አገር በኢቬርዶን ከዝነኛው መምህር ከፔስታሎዚ ዘንድ ተቀምጦ ተማረ። ከዚያም በበርሊን በማዕድን ቤተ መዘክር ረዳት ሆኖ ክሪስታል የሚባሉትን ድንጋዮች እየለየ ያስቀምጥ ነበር። ክሪስታል ማንም ሳይጠርበው ከውስጡ በወጣ ሥርዓት ገጽና ማዕዘን ይዞ ያድጋል። ፍሮቤል የሰውም ልጅ እንዲሁ ከውስጡ የሚያድግ ነው ወደሚለው እምነት ያደረሰው አንዱ መንገድ ይህ ነው።

በ1837 ዓ.ም. በባድ ብላንከንቡርግ ከተማ ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ተቋም ከፈተ። በሰኔ 28 ቀን 1840 ዓ.ም. ደግሞ ሥራውን «ኪንደርጋርተን» ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም የሕፃናት የአትክልት ቦታ ማለት ነው። የእኛም «አፀደ ሕፃናት» ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ አፀድ የአትክልት ስፍራ ነውና። በዚያ በር ላይ የተጻፈውን ቃል በየቀኑ እያየሁ 12 ዓመት ሳልፍ ትርጓሜውን አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁትም።

ፍሮቤል ለልጆቹ የሠራቸውን መጫወቻዎች «ስጦታዎች» ብሎ ጠራቸው፤ በተራ ቍጥርም አስቀመጣቸው። የመጀመሪያው ስጦታ በሱፍ ክር የተሠሩ ስድስት ለስላሳ ኳሶች ናቸው፤ ቀለማቸውም የተለያየ ነው። ሁለተኛው ከእንጨት የተሠሩ ሉል፣ ሲሊንደርና ኩብ ናቸው፤ ሉሉ ይንከባለላል፣ ኩቡ ይቆማል፣ ሲሊንደሩ ሁለቱንም ያደርጋል። ሦስተኛው አንድ ኩብ ሆኖ ወደ ስምንት ትንንሽ ኩቦች የሚከፈል ነው። ትልቁ ኩብ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጐን ሲኖረው፣ ትንንሾቹ የዚያ ግማሽ ናቸው። መምህሪቱ ሣጥኑን ገልብጣ፣ ክዳኑን ከሥር ስባ፣ ሣጥኑን ቀስ ብላ ስታነሣው ሕፃኑ አስቀድሞ የሚያየው ሙሉውን ኩብ ነው። ከዚያ በኋላ ከፋፍሎ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ደረጃ ይሠራል፤ ወይም እንደ ጥልፍ ያለ ጌጥ ይደረድራል፤ ወይም ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ ማለትን በእጁ ይዞ ይማራል። ሁለት ደንቦችም ነበሩ፤ ስምንቱም ኩቦች በሥራው መግባት አለባቸው፤ የተሠራውም ነገር ተንዶ ሳይሆን እየተለወጠ ወደ ሌላ ነገር መሄድ አለበት።

አራተኛው ስጦታ እንደ ጡብ ረዘም ያሉ ስምንት እንጨቶች ናቸው። ይህን ስጦታ ለመፈተን ገንዘብ አላስፈለገኝም፤ ስምንት ባዶ የክብሪት ቀፎ ሰብስቤ ለስድስት ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት። ስለ ደንቡ ነግሬው ዝም አልሁ። መጀመሪያ ድልድይ ሠራ። ቀጥሎ ሁለቱን ቀፎ አንሥቶ አልጋ አደረገው። ከዚያ ስምንቱንም አቁሞ «ይህ የታክሲ ሰልፍ ነው፤ ይቺ እማማ ናት» አለኝ። ከሰልፉ አንዷን ሲያወጣት ስንት ቀረ ብዬ ሳልጠይቀው ራሱ ሰባት አለ። ካርታውን ስገዛ ያላስተዋልሁት ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጥያቄው መጫወቻው ምን ያስተምራል የሚለው ብቻ አይደለም፤ ልጁ የሚወስነው ምን ተወለት የሚለውም ነው። ከዚያ ወዲህ መጫወቻ ሁሉ በዚህ ሚዛን ይመዘንልኛል።

ፍሮቤል በሕይወቱ ክብር አላገኘም። በ1849 ዓ.ም. በርታ ፎን ማረንሆልትዝ ቢውሎው የተባለች ባላባት ወይዘሮ ለጤናዋ ወደ ባድ ሊበንሽታይን ሄዳ ስላለው ወሬ የቤቱን እመቤት ብትጠይቃት፣ ከመንደር ልጆች ጋር የሚጨፍርና የሚዘል አንድ ሰው እንደ መጣ፣ ሰዎችም «ሽማግሌው ቂል» እንደሚሉት ነገረቻት። ወይዘሮዋ ሄዳ አየችው፤ እንደ ሌሎቹ ግን አልሳቀችም። ቀሪ ዘመኗንም አሳቡን በየአገሩ በማስተማር ፈጸመች።

መሣቂያ መሆን ግን ከመከልከል ይሻላል። በነሐሴ ወር 1851 ዓ.ም. የፕሩሲያ የትምህርት ሚኒስትር ፎን ራውመር ኪንደርጋርተን በአገሩ እንዳይከፈት በአዋጅ ከለከሉ። ምክንያታቸውም ይህ ሥራ ልጆችን ወደ ሶሻሊዝምና ወደ ክሕደት ይመራል የሚል ነበር። በመሠረቱ የአጎቱን መጽሐፍ ከወንድሙ ልጅ መጽሐፍ ጋር ቀላቅለውት ነበር፤ በፖለቲካ የሚጽፈው ካርል ፍሮቤል የተባለው የወንድሙ ልጅ ነው። ሽማግሌው ስሕተቱን ለማስረዳት ቢጽፍም የሚሰማው አላገኘም፤ በሰኔ 1852 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ ክልከላው ሳይነሣ ሞተ። አዋጁ የተሻረው በ1860 ዓ.ም. ነው። በሽቫይና ያለው የመቃብሩ ሐውልት ኩብ፣ በኩቡ ላይ ሲሊንደር፣ በሲሊንደሩ ላይ ሉል ሆኖ ተሠርቷል፤ ሁለተኛው ስጦታ ማለት ነው። ያን የሚያህል መንግሥት ስምንት የእንጨት ቍራጭ መፍራቱን ሳስብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቈይቶ ግን ሚኒስትሩ ፈጽሞ ሞኝ እንዳልነበሩ ገመትሁ። በራሱ አሳብ ሠርቶ በራሱ አሳብ መለወጥ የለመደ ልጅ ሲያድግ ብዙ ነገር መጠየቁ አይቀርም።

ክልከላው አሳቡን ከጀርመን አገር ውጭ በተነው። ማርጋሬተ ሹርትዝ የተባለች ጀርመናዊት በ1856 ዓ.ም. በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት በዎተርታውን ከተማ ኪንደርጋርተን ከፈተች። በ1876 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ አንዲት እናት ስጦታዎቹን አይታ ለልጅዋ አመጣችለት፤ ያ ልጅ በኋላ ስሙ የገነነው የሕንፃ ንድፍ ሊቅ ፍራንክ ሎይድ ራይት ነው። እርሱም ካረጀ በኋላ የእነዚያ ኩቦች ስሜት ከጣቶቹ እንዳልወጣ ጽፏል።

ይሁን እንጂ የሚያሳዝነውን ሳልናገር ባልፍ ታሪክ አይሆንም። ፍሮቤል ከሞተ በኋላ በብዙ ኪንደርጋርተኖች ስጦታዎቹ የሰልፍ ልምምድ ሆኑ። ልጆች በአራት ማዕዘን መስመር በተከፋፈለ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ መምህሪቱ አንዱን ኩብ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛውን ከኋላው ትላለች፤ ሁሉም በአንድነት ያንኑ ወንበር ይሠራሉ። ኩቡ ያው ኩብ ነው፤ ውሳኔው ግን ከልጁ እጅ ወጥቶ ወደ መምህሪቱ ተመልሷል። እንግዲህ መልካም መጫወቻ ገዝቶ ማበላሸት እንደሚቻል ከዚህ ይታወቃል። ይህን ተቃውመው ከተነሡት አንዷ ካሮላይን ፕራት ናት፤ በ1914 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በከፈተችው ትምህርት ቤት ትልልቅና ያልተቀቡ እንጨቶችን በወለሉ ላይ ትታ ልጆቹ የከተማቸውን ወደብና መንገድ እንዲሠሩ ተወቻቸው።

ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ ሌላ መንገድ መርጣለች። በጥር ወር 1907 ዓ.ም. በሮማ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሰፈር የልጆችን ቤት ከፈተች። ከመሣሪያዎቿ አንዱ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ሲሊንደሮች በየጕድጓዳቸው የሚገቡበት እንጨት ነው። ልጁ ከተሳሳተ በመጨረሻ አንዱ ሲሊንደር ቦታ ያጣል፤ ስሕተቱን የሚነግረው እንጨቱ ነው እንጂ መምህሪቱ አይደለችም። ይህ እጅግ ብልህ ነገር ነው፤ ልጁን ከእፍረት ያድነዋል። ነገር ግን መሣሪያው ለታሰበለት ሥራ ብቻ እንዲውል ትፈልግ ነበር፤ የእኔን ካርታ ምጣድ ያደረጉት ልጆች በእርሷ ክፍል ደስ የሚላቸው አይመስለኝም።

በዘመናችን የታወቀው የሌጎ የፕላስቲክ ጡብ በዴንማርክ የተመዘገበው በጥር 28 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። ስምንት ጕብጕብ ያላቸውን ሁለት ጡቦች በ24 ዓይነት መንገድ ማያያዝ ይቻላል፤ ስድስት ከሆኑ የመንገዱ ብዛት 915,103,765 ይደርሳል። ሒሳብ ለሚወዱ ጓደኞቼ ይህን ቍጥር እተውላቸዋለሁ። የእኔ ካርታ አንድ መንገድ ብቻ እንደ ነበረው ግን አልረሳም።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ወደ ቤቴ ብመለከት ገበጣን አየሁ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናት አውጥተዋል፤ ከዚያ እንደምንረዳው የአጨዋወቱ ዓይነት በየአገሩ ይለያያል፤ ረድፉ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ይሆናል። ሰሌዳ የሌለው እረኛ መሬት ቈፍሮ በጠጠር ይጫወታል። ጠጠሩን ከአንዱ ጕድጓድ ዘግኖ አንድ በአንድ ሲያድል የመጨረሻዪቱ የት እንደምታርፍ ሳያነሣ በፊት ማስላት አለበት። ሎክ ልጆች መጫወቻቸውን ራሳቸው ይሥሩ ያለውን የእኛ እረኞች ሎክን ሳያነቡ ይፈጽሙታል። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው፤ መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል፤ ገንዘብ ግን አይወጣበትም። በዚያ ሱቅ ውስጥ ግን ገበጣ አልነበረም፤ ብንጠይቅም ባለ ሱቁ ሳቁብን።

በቀረው ገንዘብ ወደ አንድ አናጢ ዘንድ ሄድን። ከጥድ እንጨት 24 ኩቦች እንዲሠሩልን፣ የእያንዳንዱም ጐን አምስት ሳንቲ ሜትር እንዲሆን፣ ሕፃን ሊውጠው እንዳይችል ከፍሮቤል ኩብ እንዲተልቅ፣ ጠርዙም በብርጭቆ ወረቀት እንዲለሰልስ ተዋዋልን። «ለምን የሚሆን ነው?» አሉን። ቤትም ወንበርም ይሆናል ጋሼ ብንላቸው «እኔ ወንበሩን ራሱን ልሥራላችሁ እንጂ» ብለው ተገረሙ። ገበጣውን ግን እኛው በአፀደ ሕፃናቱ ዛፍ ሥር ቈፈርን፤ ጠጠሩም ከግቢው መንገድ ተለቀመ።

ኩቦቹ ቅዳሜ ዕለት ደረሱ፤ ሰኞ ጠዋት በምንጣፉ ላይ አፈሰስናቸውና ጥግ ይዘን ቆምን። ካርታውም ከመካከላቸው አልጠፋም፤ ኮንጎን ለቤታቸው ጣራ አደረጉት። ያቺ የምትጋብዘኝ ልጅ ምድጃ መሥራት ጀመረች፤ ሁለት ጊዜ ሠርታ ሁለት ጊዜ ምጣዱ አዘነበለባት። ከዚያ ኩቦቹን ጥንድ ጥንድ እያደረገች ጐን ለጐን ታስተያይ ጀመር፤ በመጨረሻም አንዱን ይዛ ወደ እኔ መጣችና «ይሄኛው ወፍሯል» አለችኝ። በማስመሪያ ብለካው እውነቷን ነው፤ በሁለት ሚሊ ሜትር ይበልጣል። እኛ ሦስታችን ከአናጢው ስንረከብ ሁሉንም ቈጥረናል እንጂ አልለካንም ነበር። ከሰዓት በኋላ ኩቡን በመላጊያ እንዲያስተካክሉልን ይዤው ተመለስሁ።